ዝም ያለው ሞቶ ነው ወይስ ዘግይቶ? አለቃ የሌላቸው የኮምፒውተር ሥርዓቶች እንዴት ይሠራሉ

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሰኞ ማታ። ከ12 ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ እንዳለ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ አንድ ላይ ጠፉ። ምላሻችን የታወቀ ነው። «ኔትወርክ ነው» አልን። ዳታ አጠፋን፣ አበራን። ስልክ ሪስታርት አደረግን። ካርድ አልቆብኝ ይሆን ብሎ ሂሳቡን ያየም አይጠፋም። ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲመለስ ግን ችግሩ ከእኛ ሰፈር እንዳልነበረ ታወቀ። ዱባይ ያለው ዘመድም፣ ዋሽንግተን ያለችው ጓደኛም ያንኑ ስልክ ሲያጠፉ ሲያበሩ ነበር።

ኩባንያው ራሱ እንዳስረዳው፣ በጥገና ላይ የነበሩ ባለሙያዎች የዋናውን መስመር አቅም ለመለካት አንድ ትእዛዝ ሰጡ። ትእዛዙ ሳይታሰብ የዳታ ማዕከሎቹን፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ የሚቀመጡባቸውን ሕንፃዎች፣ እርስ በርስ የሚያገናኙትን መስመሮች በሙሉ አወረደ። እንዲህ ያለ ስህተት ሲመጣ እንዲያስቆም የተሠራ ፕሮግራም ነበረ። እሱም ጉድለት ነበረበትና አላስቆመውም።

በየአገሩ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮምፒውተር ያለው ኩባንያ በአንድ ትእዛዝ እንዴት ይጠፋል? ብዙ መሆንና አለቃ አለመኖር አንድ ስላልሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

«የተሠራጨ» እና «ያልተማከለ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የሰፈር እድርን አስቡ። ሁለት መቶ አባል አለው፣ አንድ ገንዘብ ያዥ አለው፣ አንድ መዝገብ አለው። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ሁሉም እዚያ ደብተር ላይ ነው። ይህ የተማከለ ሥርዓት ነው። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ገንዘብ ያዡ እስካልታመሙና ደብተሩ እስካልጠፋ ድረስ ምንም አይልም።

አሁን እድሩ አደገና መዝገቡ በሦስት ቅጂ በሦስት ሰው እጅ ተቀመጠ እንበል። ሦስቱም ግን የሚጽፉት ሊቀ መንበሩ ጻፉ ሲሏቸው ነው። ሥራው ተከፋፍሏል፣ ሥልጣኑ አልተከፋፈለም። ይህ «የተሠራጨ» ሥርዓት ይባላል። ፌስቡክ እንዲህ ነው።

ሊቀ መንበሩን ደግሞ አንሷቸው። ሦስቱ፣ ወይም ሠላሳው፣ ወይም ሦስት ሺሁ መዝገብ ያዦች እርስ በርስ ተነጋግረው አንድ ዓይነት ነገር መጻፍ አለባቸው። ይህ «ያልተማከለ» ነው። ቢትኮይን የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ራሱም በአብዛኛው እንዲህ ነው።

አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ለምን አይበቃም?

አንዱ ምክንያት ርቀት ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ አንድ መልእክት ደርሶ መልስ ቢያንስ የሰከንድን አንድ አሥረኛ ይፈጃል። ይህ መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን ነው፤ ቀጥ ያለ ደግሞ አይደለም። በዚህ ላይ የትኛውም ኩባንያ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ፊዚክስ ነው። ያለው መፍትሔ ኮምፒውተሩን ወደ ሰው ማቅረብ ነው፤ ማቅረብ ማለት ደግሞ ማብዛት ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት አንድ ሰው እጅ ላይ ያለ ነገር ስለሚጨናነቅ ነው። የኢንተርኔት ታሪክ ውስጥ ለዚህ የምወደው ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኔትወርኩ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ በሙሉ አንድ ፋይል ላይ ተጽፎ ካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው ለተቋሙ አሳውቆ ያስመዘግባል፤ የቀረው ዓለም ፋይሉን እየቀዳ ይወስዳል። በመቶ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በነበሩበት ዘመን ይህ ያዋጣ ነበር። ቁጥሩ ሲያድግ ግን ፋይሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይለወጥ መዋል አቃተው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ባለሙያ ዲኤንኤስ የተባለውን የኢንተርኔት ስምና አድራሻ ማውጫ ነደፈ። ሐሳቡ ሁሉን የሚያውቅ አይኑር፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰፈር ይወቅ የሚል ነው። ዛሬ መጨረሻው ነጥብ ኢቲ የሆነ ድረ ገጽ ስትከፍቱ፣ ከላይ ያለው ሰርቨር (የሌሎችን ጥያቄ የሚመልስ ኮምፒውተር) «ነጥብ ኢቲን እነ እገሌ ያውቁታል» ይላል። እነ እገሌ ደግሞ ወደ ድረ ገጹ ባለቤት ሰርቨር ይመሯችኋል። የላይኞቹ «ሥር» ሰርቨሮች 13 ስም አላቸው። 12 ድርጅቶች ያስተዳድሯቸዋል፣ ቅጂዎቻቸው ግን በዓለም ዙሪያ ከሺህ ይበልጣሉ። የተጠየቀ መልስ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ በአጠገባችሁ ይቀመጣል፣ ሁሌ ላይ ድረስ መሄድ የለም።

ልብ በሉ፣ ዲኤንኤስ ሙሉ በሙሉ አለቃ የለሽ አይደለም። ከላይ ሥር አለው። ሥራው ግን በባለቤቶቹ መካከል ስለተከፋፈለ አርባ ዓመት አልፎት ይኸው ይሠራል።

ላይ የሚጠየቅ ጭራሽ ከሌለስ?

እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር የተባለው የዘፈን መለዋወጫ መጣ። ዘፈኑ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ «ማን ምን አለው» የሚለው ዝርዝር ግን በኩባንያው ሰርቨር ላይ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ናፕስተርን ለማስቆም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችን ማንኳኳት አላስፈለገውም። ዝርዝሩ ተዘጋ፣ በ2001 ነገሩ አበቃ።

ቀጥሎ የመጣው ኑቴላ ዝርዝሩን አስቀረው። የሚፈልግ ሰው ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፣ እነሱም የየራሳቸውን ጎረቤት ይጠይቃሉ። ልክ እንደ እድር ጡሩምባ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ትንሽ ሰፈር ላይ ይሠራል። ከተማ ሁሉ በየደቂቃው ጡሩምባ የሚነፋ ከሆነ ግን መንገዱን የሚሞላው ጩኸቱ ብቻ ነው።

መፍትሔው የተገኘው፣ በእኔ አነጋገር፣ አዲስ አበባ ላይ ሰው ቤት በምንፈልግበት መንገድ ነው። የቤት ቁጥር ይዞ የሚሄድ የለም። «ሾላ ገበያ ድረስ ና» ትባላላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ሱቁን ትጠይቃላችሁ፤ «በወፍጮ ቤቱ ታጥፈህ ጠይቅ» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለችው ልጅ በሩን ታሳያችኋለች። አንዳቸውም ከተማውን በሙሉ አያውቁም። ሁሉም ግን አጠገባቸውን በደንብ፣ ሩቁን በግምት ያውቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ካዴምሊያ የተባለው ዘዴ ይህንኑ በቁጥር ይሠራዋል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ረጅም የዕጣ ቁጥር ይይዛል፣ እያንዳንዱ ፋይልም እንዲሁ። ፋይሉን የያዘው የት እንደሚገኝ የሚያስታውሰው ቁጥሩ ለፋይሉ ቁጥር የቀረበው ኮምፒውተር ነው። ርቀቱ የመሬት አይደለም፣ የቁጥር ነው። ስትጠይቁ እያንዳንዱ ተጠያቂ የቀረውን ርቀት ቢያንስ በግማሽ ወደሚያሳጥር ሰው ይመራችኋል። ሚሊዮን ኮምፒውተር ውስጥ ሃያ ያህል ጥያቄ ይበቃል። ሁለት ሚሊዮን ቢሆኑስ? ሃያ አንድ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲያድግ የማይደክመው ለዚህ ነው። ቢትቶረንት የተባለው ፋይል መለዋወጫ እስካሁን በዚህ ይጠቀማል።

ታዲያ አስቸጋሪው የቱ ላይ ነው?

ዝምታ ላይ ነው።

ሰው ደውላችሁ አላነሳም እንበል። ስብሰባ ላይ ነው? ባትሪ ዘግቶበታል? ኔትወርክ የለውም? ወይስ አይቶ ተዋችሁ? ከእናንተ በኩል ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሰማው። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። መልስ ያልሰጠው ሌላው ማሽን ሞቶ እንደሆነ ወይስ ዘግይቶ፣ ከዚህ ወገን ሆኖ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን በሒሳብ አረጋግጠውታል። መልእክት የሚዘገይበት ጊዜ ገደብ ከሌለው፣ አንዲት ማሽን እንኳ ልትሞት የምትችል ከሆነ፣ የቀሩት ሁልጊዜ ወደ ስምምነት እንደሚደርሱ ዋስትና የሚሰጥ ዘዴ የለም። ስለዚህ ሥራ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሥርዓቶች የሚያደርጉት ልክ እኛ የምናደርገውን ነው፤ ትንሽ ይጠብቁና «ሞቷል» ብለው ይገምታሉ።

ግምቱ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን በኪሴ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ለእህቴ 2,000 ብር በስልኬ ላስተላልፍ «ላክ» የሚለውን ነካሁ። ክቡ ነገር ዞረ፣ ዞረ፣ በመጨረሻ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» አለኝ። ሞከርኩ። እህቴ ደወለች። «አራት ሺህ ምን ልግዛልህ ነው?» አለችኝ።

የሆነው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ደርሷል፣ ብሩም ሄዷል፤ መንገድ ላይ የቀረው «እሺ» የሚለው መልስ ነው። ስልኬ ዝምታውን እንደ ሞት ቆጠረው። ጥሩ ነዳፊ ይህን አስቀድሞ ያስባል። ክፍያው ገና ስትነኩት መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አሥር ጊዜ ቢላክም በዚያ ቁጥር አንዴ ብቻ ይፈጸማል። ሁለተኛውን ሲያገኝ «ይህን ሠርቼዋለሁ» ብሎ የድሮውን መልስ ይመልሳል። ትንሽ ነገር ናት። የተጠቀምኩበት መተግበሪያ ያቺ ትንሽ ነገር አልነበረችውም መሰለኝ።

ወደ ፌስቡክ እንመለስ። መስመሮቹ ሲወርዱ የኩባንያው የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ደህና ነበሩ። ግን ከዳታ ማዕከሎቹ መልስ አጡ። እንዲህ ሲሆን «ችግሩ እኔ ጋ ነው» ብለው ራሳቸውን ከኢንተርኔት እንዲያገሉ ነበር የተነደፉት። አንዱ ብቻ ቢያገል ጥሩ ነበር፣ ሌሎቹ ይሸፍኑታል። ሁሉም በአንዴ አገለሉ። እያንዳንዱ የታዘዘውን በትክክል ሠራ፣ ኩባንያው ከካርታው ጠፋ።

ተቃራኒው ደግሞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሆነ። የአማዞን ክላውድ፣ ማለትም ለሌሎች ድርጅቶች የሚያከራየው የኮምፒውተር አገልግሎት፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ተናግቶ ስናፕቻትና ሲግናልን ጨምሮ ብዙ አገልግሎት ተቋረጠ። እዚያ የአድራሻ ዝርዝር የሚያድሱ ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ነበሩ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካ ታስቦ። አንደኛው ሳይሞት ዘገየ። የቆየ ዝርዝር ይዞ እየተንፏቀቀ ሳለ ሌላው አዲሱን ጽፎ ጨረሰ። ዘግይቶ የደረሰው አሮጌውን በአዲሱ ላይ ጻፈበት። ሌላው ደግሞ ያረጁ ዝርዝሮችን ሲያጸዳ ያን አሮጌ አግኝቶ ሰረዘው። የቀረው ባዶ ነው። ትናንት የተሻረ ደብዳቤ ይዞ ዛሬ የደረሰ መልእክተኛ በሉት። የሞተ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ።

ሰዓት አይተው ማን እንደቀደመ ለምን አይለዩም?

እኛ ይህን ለመረዳት ከማንም እንቀርባለን። ዱባይ ካለ ሰው ጋር «ነገ 3 ሰዓት» ብሎ የተቀጣጠረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የማን 3 ሰዓት? እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ አንዴ በእኛ፣ አንዴ በፈረንጅ ዘመን እየቆጠርኩ ነው።

የኮምፒውተሮች ሰዓት እርስ በርስ በጥቂቱ ይለያያል። ልዩነቱ ለሰው ምንም ነው። በአንድ ሰከንድ ብዙ ሺህ ክፍያ ለሚያስተናግድ ሥርዓት ግን ማን ቀደመ የሚለውን ይገለብጠዋል። የኮምፒውተር ተመራማሪው ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ሰዓቱን ተዉት አለ። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው። ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ተልኳል፣ ይህ በየትኛውም ሰዓት እውነት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ቆጣሪ ይያዝ፤ መልእክት ሲልክ ቁጥሩን አብሮ ይላክ፤ ተቀባዩ ከመጣው ቁጥር በላይ አድርጎ ይቀጥል። ጉግል ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዶ ስፓነር ለተባለው የመረጃ ቋቱ በየዳታ ማዕከሉ የአቶሚክ ሰዓትና የጂፒኤስ መቀበያ ተከለ። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። የሁለተኛው ወጪ ግን የጉግልን ኪስ ይፈልጋል።

አለቃ ከሌለ እንዴት ይወስናሉ?

በአብላጫ። አምስት መዝገብ ያዦች ካሉ፣ ሦስቱ ያልተስማሙበት ነገር አይጻፍም። ለምን ሦስት? ከአምስት ሰው ውስጥ ሦስት ሦስት ሆነው ሁለት ስብሰባ ቢቀመጡ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ሁለቱም ላይ መገኘቱ አይቀርም። ያ ሰው «ትናንት እኮ ሌላ ተወስኗል» ይላል። ነገሩ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

መስመር ተቆርጦ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላ ቢቀሩ፣ ሦስቱ ይቀጥላሉ። ሁለቱ ግን ቢያማቸውም ዝም ማለት አለባቸው። እዚህ ላይ ምርጫ አለ። ኤሪክ ብሩወር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳነሳው፣ መስመር ሲቆረጥ ወይ መልስ መስጠቱን ትተው ትክክለኛነቱን ይጠብቃሉ፣ ወይ ሊሳሳት የሚችል መልስ እየሰጡ ይቀጥላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት የለም። የፎቷችሁ ላይክ ለጥቂት ሰከንድ 40 ወይም 43 ቢል ማንም አይከስም። የባንክ ሒሳብ ከሆነ «ቆይተው ይሞክሩ» ቢላችሁ ይሻላል። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ቆይተው ይሞክሩ» ስባል ንዴቴ ቀንሷል። በቃ አልተናደድኩም አላልኩም።

መሐል ላይ አታላይ ቢኖርስ?

እስካሁን ማሽኖቹ ይሞታሉ ወይም ይዘገያሉ እንጂ አይዋሹም ብለናል። ውሸታም ሲገባ ዋጋው ይጨምራል። ላምፖርትና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳዩት፣ አንድ ውሸታምን ለመቋቋም በጠቅላላው ቢያንስ አራት፣ ሁለትን ለመቋቋም ሰባት ያስፈልጋል።

ይህም ሰዉ ሲታወቅ ነው። ማንም ሳይመዘገብ በሚገባበት ሥርዓት አብላጫ ብሎ ነገር ምን ትርጉም አለው? ዘይት ሲወደድ የሸማቾች ሱቅ ደጃፍ ያለውን ወረፋ ታስታውሳላችሁ። ሌሊት መጥቶ አሥር ድንጋይ ደርድሮ የሚሄድ ሰው አለ። ጠዋት ወረፋው ረጅም ነው፣ ሰዉ ጥቂት ነው። አንድ ኮምፒውተር እንደዚሁ ሺህ ስም ይዞ ሊገባ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሥራ የጀመረው ቢትኮይን ያመጣው መላ ድንጋዩን ማስወደድ ነው። መዝገቡ ላይ አዲስ ገጽ ለመጨመር ኮምፒውተሩ አድካሚ የቁጥር ሙከራ ማድረግ አለበት። በአማካይ በየአሥር ደቂቃው አንድ ሰው ይሳካለታል። ኮምፒውተር ሲበዛ፣ በየ2,016 ገጹ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ፈተናው ይከብዳል። ድምፅ የሚቆጠረው በስም ሳይሆን ባቃጠላችሁት ኤሌክትሪክ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከግድብ የሚመነጭ ኃይል እየገዙ የሚሠሩት «ማዕድን አውጪዎች» የሚያወጡት ማዕድን የለም፤ ሥራቸው ይኸው ሙከራ ነው። ከሥልጣን ክፍፍሉ ጋር የሚመጣው ሒሳብ የመብራት ነው ማለት ነው።

አለቃ የለውም ሲባል ግን ሰው የለውም ማለት አይደለም። መጋቢት 2005 ዓ.ም. ላይ አዲሱ የቢትኮይን ሶፍትዌር የተቀበለውን አንድ ትልቅ ገጽ አሮጌው ሶፍትዌር አልቀበልም አለ። ለሰዓታት ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ሄደ። የፈታው ሒሳብ አይደለም። ጥቂት ሶፍትዌር ሠሪዎች በጽሑፍ እየተነጋገሩ ትልልቆቹን ማዕድን አውጪዎች ወደ አሮጌው እንዲመለሱ ጠየቁ፣ እነሱም ገቢያቸውን እያጡ እሺ አሉ። ሽምግልና በሉት።

ፌስቡክስ በመጨረሻ እንዴት ተመለሰ?

በእግር። ባለሙያዎቹ ችግሩን ከሩቅ ሆነው የሚያስተካክሉበት መሣሪያ የሚሠራው በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ ነበር። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው። ሰው ወደ ዳታ ማዕከሎቹ ተላከ። ሕንፃዎቹ ደግሞ ማንም ዘው ብሎ እንዳይገባ ተብለው የተሠሩ ናቸውና ጊዜ ፈጀ።

መስመሩ ከተነሣ በኋላም ሁሉንም በአንዴ አልከፈቱትም። በመቋረጡ ሰዓት የአንዳንዱ ዳታ ማዕከል የኤሌክትሪክ ፍጆታ በአሥሮች በሚቆጠር ሜጋዋት ወርዶ ነበር። ዓለም ሁሉ ስልኩን እየነካካ እየጠበቀ ሳለ በሩ ቧ ቢል፣ ጭነቱ ሰርቨሮቹንም የኃይል መስመሩንም መልሶ ይጥላቸዋል። ስለዚህ አገልግሎቱን ቀስ በቀስ፣ ክፍል በክፍል አስገቡት። መብራት ተመልሶ እናቴ «ፍሪጁን እንዳትሰኩት፣ ይረጋጋ» ብላ ሶኬቱ ጋ የምትቆመው ነገር ነው።